45 ኖት ብቻውን ምን ይሠራል? የ«ሌ ፋንታስክ» ዲስትሮየሮች የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

በ1930ዎቹ አጋማሽ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ስድስት አዳዲስ ዲስትሮየሮች (ፈጣን፣ አነስ ያሉ የጦር መርከቦች) ተረከበ፤ የ«ሌ ፋንታስክ» ምድብ ይባላሉ። ከስድስቱ አንዱ «ሌ ቴሪብል» ይባላል። ይህ መርከብ በ1935 በሙከራ ጉዞ ላይ ከ45 ኖት በላይ ሮጠ። በሰዓት 83 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የምናወራው 132 ሜትር ርዝመት ስላለው፣ መድፍና ቶርፒዶ (ውሃ ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ፈንጂ) ስለተሸከመ መርከብ መሆኑን ልብ በሉ። የባሕር ኃይል ታሪክ የሚወድ ሰው ሁሉ ዛሬም ይህን ቁጥር በቃሉ ይዞታል።

ብዙ ጊዜ ወሬው እዚህ ላይ ያልቃል። እኔን የሳበኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጦርነቱ ሲመጣ እነዚህ መርከቦች ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በፍጥነታቸው ብዙም አልተጠቀሙም። በመርከብነታቸው ምርጡን ሥራ የሠሩት በ1943 አሜሪካ ሄደው መሣሪያቸው ከተቀየረ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ከበፊቱ ከብደው፣ ፍጥነታቸውም ቀንሶ ነበር።

በ2019 ፈረንሳይ የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል መልሶ ለማቋቋም ለማገዝ ስትስማማ እኛም አገር ስለ ጦር መርከብ ማውራት ለትንሽ ጊዜ ፋሽን ሆኖ ነበር። ጥያቄው በአብዛኛው «ስንት መርከብ? ምን ያህል ትልቅ?» የሚል ነበር። ይህን ጉዳይ መጻፍ የፈለግኩት አንድም ለዚያ ነው። መሐንዲስ፣ የፕሮጀክት ሰው ወይም የግዥ ባለሙያ ከሆናችሁ ደግሞ መርከብ ባትወዱም የሚጠቅማችሁ ነገር አታጡም። የሰዎችን ስም አላነሳም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ፦ ፉክክሩ እንዴት ተጀመረ

በ1922 ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው ውል የትላልቅ የጦር መርከቦችን ብዛትና ክብደት ገደበ። ፈረንሳይ በዚህ ውል ከጣሊያን ጋር እኩል ድርሻ ተሰጣት። ለፈረንሳዮች ይህ የሚዋጥ አልነበረም። ጣሊያንን የሚያሳስባት በዋናነት ሜዲትራኒያን ነው። ፈረንሳይ ግን በአትላንቲክም በሜዲትራኒያንም በኩል ጠረፍ አላት። በዚያ ላይ ከሰሜን አፍሪካ ጋር የሚያገናኛት የባሕር መስመር አለ። ጦርነት ቢነሳ ከቅኝ ግዛቶቿ ወታደር የምታመጣው በዚያ መስመር ነው።

ስለዚህ ፊቷን ውሉ በቁጥር ወዳልገደበው ዘርፍ አዞረች። ከተራ ዲስትሮየር በጣም የሚተልቅ፣ የጠላትን ዲስትሮየሮች አሳድዶ የሚመታ፣ ለከባዶቹ መርከቦችም ፊት ፊት እየሄደ የሚቃኝ መርከብ ፈለገች። ፈረንሳዮች «ኮንትር ቶርፒየር» ይሉታል። የ1922ቱ ፕሮግራም የመጀመሪያዎቹን ስድስት፣ የ«ዣጓር» ምድብን፣ አስገኘ። ከዚያ ሦስት ምድቦች ተከተሉ፤ እያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት መርከብ። በድምሩ 24 ማለት ነው። መድፉም ከ130 ሚሊ ሜትር ወደ 138.6 ሚሊ ሜትር አደገ።

ጣሊያን ዝም ብላ አላየችም። ከ1928 ጀምሮ እነዚህን ትላልቅ የፈረንሳይ ዲስትሮየሮች የሚያድኑ ቀላል ክሩዘሮች (ከዲስትሮየር የሚተልቁ የጦር መርከቦች) መሥራት ጀመረች። እያንዳንዳቸው ስምንት የ152 ሚሊ ሜትር መድፍ ያዙ። ለፍጥነት ሲባል የብረት ልብሳቸው ሳሳ። ከእነሱ አንዱ «አልቤሪኮ ዳ ባርቢያኖ» በሙከራ 42 ኖት አለፈ። የተለካው ግን ለውጊያ ሲወጣ በሚኖረው ጭነት ሳይሆን በጣም ቀልሎ ነው። ጋዜጣ ላይ የወጣው ቁጥሩ ብቻ ነው።

በ1930 ለንደን ላይ ሌላ ውል መጣ። የዲስትሮየርን ክብደት በ1,850 ቶን፣ መድፉን በ130 ሚሊ ሜትር የሚገድብ ክፍል ነበረው። ፈረንሳይና ጣሊያን ያንን ክፍል አልፈረሙም። በዚያው ዓመት ፕሮግራም ፈረንሳይ አምስተኛውን ምድብ አዘዘች፦ «ሌ ፋንታስክ»፣ «ሎዳሲዬ»፣ «ሌ ማላን»፣ «ሌ ቴሪብል»፣ «ሌ ትሪዮምፋን» እና «ላንዶምታብል»። ሥራው በ1931 ተጀምሮ በ1936 ተጠናቀቀ።

በነገራችን ላይ «ሌ ቴሪብል» ያንን ፍጥነት ያስመዘገበው ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዓመት ነው። የጣሊያን ወታደርና ስንቅ በስዊዝ በኩል ወደ ምጽዋ ሲጎርፍ ፈረንሳይ ጣሊያንን ማስቀየም አልፈለገችም። የባሕር ፉክክራቸው በቁጥርና በወረቀት ላይ ነበር የሚጧጧፈው።

ንድፉ

መርከቦቹ በመደበኛ ልኬት 2,569 ቶን ይመዝናሉ። ነዳጅ፣ ውሃና ጥይት ሲጫን ከ3,000 ቶን በላይ ይሆናሉ። ወርዳቸው 12 ሜትር ገደማ ነው። ርዝመታቸው ደግሞ የዚያን አሥራ አንድ እጥፍ ይደርሳል። ቀጭንና ረጅም አካል በውሃ ላይ በቀጥታ ሲሄድ ይፈጥናል። መዞር ላይ ግን ይቸገራል። ይህን ኋላ እንመለስበታለን።

የፍጥነቱ ምስጢር ማሽን ክፍሉ ነው። ከእነሱ በፊት የነበሩት ሦስት ምድቦች አራት ጭስ ማውጫ ነበራቸው። የ«ሌ ፋንታስክ» ምድብ ሁለት ብቻ አለው። ከፍ ባለ ግፊት የሚሠሩ አዲስ ዓይነት አራት ቦይለሮች (ውሃ አፍልተው እንፋሎት የሚያወጡ) ተገጠሙላቸው፤ ግፊቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር 27 ኪሎ ግራም ነበር። ሁለት ተርባይኖች ተደምረው 74,000 የፈረስ ጉልበት እንዲያወጡ ታቀደ። በንድፉ የተጠየቀው ፍጥነት 37 ኖት ነበር። ስድስቱም ከዚያ እጅግ አለፉ። ቦይለርና ተርባይን ክፍሎቹ ተፈራርቀው ተደረደሩ፦ ቦይለር፣ ተርባይን፣ እንደገና ቦይለር፣ ተርባይን። አንዱ ጥንድ ቢመታ ሌላው መርከቡን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል።

ዋናው መሣሪያ አምስት ባለ 138.6 ሚሊ ሜትር መድፍ ነው። ሁለቱ ከፊት አንዱ ከሌላው በላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ በዚያው መልክ ከኋላ ናቸው። አምስተኛው ከሁለተኛው ጭስ ማውጫ ኋላ ነው። እያንዳንዱ መድፍ ለብቻው ከፊት በብረት ጋሻ ተሸፍኖ ይቆማል። ጥይቱ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለዲስትሮየር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዘመኑ የእንግሊዝ ዲስትሮየር ጥይት 23 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። በወረቀት ላይ አንዱ መድፍ በደቂቃ 12 ጊዜ ይተኩሳል። በተግባር፣ በሚናወጥ መርከብ ላይ፣ ለእጅ ቅርብ የተቀመጠው ጥይት ሲያልቅና ከታች መሳብ ሲጀመር ቁጥሩ ይወርዳል።

ቶርፒዶም አለ። ባለ ሦስት ቱቦ ማስወንጨፊያ በሦስት ቦታ፣ በድምሩ ዘጠኝ ቱቦ። የቶርፒዶው ውፍረት 550 ሚሊ ሜትር ነው፤ 310 ኪሎ ፈንጂ ይይዛል። በ39 ኖት 9 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሲያስፈልግም መርከቦቹ 40 የባሕር ፈንጂዎች ጭነው መበተን ይችላሉ።

የውጊያ ስልቱ ከንድፉ ጋር አብሮ የታሰበ ነው። ሦስት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይሠራሉ። ሦስቱም በአንድ ዒላማ ላይ ይተኩሳሉ። ጥይቱ ውሃ ላይ ሲወድቅ የማን እንደሆነ ለመለየት ኋላ ላይ ውስጡ ቀለም ይጨመርበት ነበር። እያንዳንዱ መርከብ የራሱን ቀለም አይቶ ዒላማውን ያስተካክላል። እኔ በዚህ ዘዴ ተደንቄያለሁ። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ይሠራል።

ችግሩ፦ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ

ከላይ ያለውን ሁሉ ስታዩት መርከቦቹ የተሠሩት ለአንድ ትዕይንት ነው። ቀን ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ባሕሩ ሜዲትራኒያን ነው፣ ከፊት የጣሊያን ክሩዘር አለ። ርቀቱ 15 ኪሎ ሜትር ነው። ለዚህ ትዕይንት ንድፉ ግሩም ነው።

ከዚህ ትዕይንት ወጣ ስትሉ ግን ጉድለቱ ይታያል። ከሁሉ የከፋው የአየር መከላከያው ነው። ትላልቆቹ መድፎች ወደ ላይ ቀና የሚሉት እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ነው። በላያቸው የሚያንዣብብ አውሮፕላን አይነኩም። ለአውሮፕላን የተመደቡት ሁለት የ37 ሚሊ ሜትር መድፎችና ሁለት ባለ ጥንድ አፈሙዝ የ13.2 ሚሊ ሜትር መትረየሶች ናቸው። የ37ቱ መድፍ አንድ አንድ ጥይት በእጅ ነው የሚጎርሰው። በደቂቃ 20 ቢተኩስ ነው። የ13.2ቱ መትረየስ ካዝና 30 ጥይት ብቻ ይይዛል። ተኳሹ ገና አውሮፕላኑን ከማነጣጠሩ ካዝናው ያልቃል። ዳይቭ ቦምበር (ቁልቁል ተወርውሮ ቦምብ የሚጥል አውሮፕላን) በሰከንዶች ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል።

ሁለተኛው የባሕር ሰርጓጅ ጉዳይ ነው። ከኋላ በኩል እያንዳንዳቸው 200 ኪሎ የሚመዝኑ የጥልቅ ውሃ ቦምቦች ነበሯቸው። ሰርጓጁ የት እንዳለ የሚነግራቸው ሶናር ግን ሲሠሩ አልተገጠመላቸውም። ቦምብ አለ፣ ጆሮ የለም። ቢኖርም ረጅሙ አካላቸው ሰፊ ክብ ሠርቶ ነው የሚዞረው፤ ሰርጓጅ ለማደን ደግሞ ቶሎ ቶሎ መዞር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ነዳጅ ነው። ሙሉ ጉልበት ሲጠቀሙ ነዳጁን ይጠጡታል። ለሜዲትራኒያን ጉዞ ይበቃል። ለአትላንቲክ ግን አጭር ነው።

እነዚህን ጉድለቶች የዘመኑ ሰዎች ጨርሶ አላዩዋቸውም ማለት አይደለም። በ1930 አውሮፕላን ገና ቀርፋፋ ነበር። ብዙ አገር የሠራው ዲስትሮየር የአየር መከላከያው እንዲሁ ደካማ ነበር። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። መርከቦቹ በ1936 ተጠናቀው እስከ ጦርነቱ ድረስ ሦስት ዓመት አልፏል። በእነዚህ ዓመታት አውሮፕላኑ በፍጥነትም በሚሸከመው ቦምብም እጅግ አደገ። መርከቦቹ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተደረገም።

ጦርነቱ ሲመጣ

በ1939 ስድስቱም ብሬስት ላይ ነበሩ። «ደንከርክ» እና «ስትራስቡርግ» የሚባሉ ፈጣን ከባድ መርከቦች ባሉበት ቡድን ውስጥ ተመደቡ። ይህ ልካቸው ነበር፤ ሌላ ዲስትሮየር ከእነዚያ ጋር እኩል ለመሄድ በተቸገረበት ባሕር እነሱ አይቸገሩም። በኦክቶበር 1939 «ሌ ፋንታስክ» እና «ሌ ቴሪብል» «ሳንታ ፌ» የተባለች የጀርመን የንግድ መርከብ አትላንቲክ ላይ ያዙ።

አፕሪል 1940 ላይ ሦስቱ፣ «ላንዶምታብል»፣ «ሌ ማላን» እና «ሌ ትሪዮምፋን»፣ በዴንማርክና በኖርዌይ መካከል ወዳለው ስካገራክ የሌሊት ወረራ አደረጉ። ሐሳቡ ወደ ኖርዌይ የሚጓዙ የጀርመን መርከቦችን መምታት ነበር። በፍጥነት ገቡ፣ በፍጥነት ወጡ። ያገኙት ግን ትናንሽ የጥበቃ ጀልባዎች ነበር። ሲመለሱ አውሮፕላን ደረሰባቸው። «ሌ ትሪዮምፋን» አጠገቡ በፈነዳ ቦምብ ተጎዳ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ታየ። አንደኛ፣ በጨለማ ውስጥ ጠላትን የሚያሳይ መሣሪያ ከሌለ ፍጥነት ባዶ ውሃ ላይ መሮጥ ነው። ሁለተኛ፣ 40 ኖት ለአውሮፕላን ምኑም አይደለም።

ፈረንሳይ በጀርመን ከተሸነፈች በኋላ ምድቡ ተበታተነ፤ ከጀርመን ጋር በተስማማው የቪሺ መንግሥት ሥር የቀሩት ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ወገን ጋር ተጋጩ። «ሌ ትሪዮምፋን» በጁላይ 1940 እንግሊዝ ወደብ ላይ ተይዞ ከእንግሊዝ ጎን መዋጋት ለቀጠሉት የነጻ ፈረንሳይ ኃይሎች ተሰጠ። «ሎዳሲዬ» በሴፕቴምበር 1940 ዳካር ላይ ተመታ። ጭጋጋማ ቀን ነበር። የአውስትራሊያ ክሩዘር የ203 ሚሊ ሜትር ጥይት አቃጠለው፤ 81 ሰዎች ሞቱ። ኋላ ተጎትቶ ቱኒዚያ ቢዘርት ደረሰ። እዚያም በአየር ጥቃት አለቀለት። «ላንዶምታብል»ን በኖቬምበር 1942 ጀርመኖች ቱሎን ሲገቡ የራሱ ባሕርተኞች አሰመጡት። በዚያው ወር «ሌ ማላን» ካዛብላንካ ወደብ ላይ ቆሞ ሳለ ከአሜሪካ ከባድ መርከብ የተተኮሰ የ406 ሚሊ ሜትር ጥይት አገኘው። ከእነዚህ ጉዳቶች አንዱንም እንኳ ፍጥነት አላስቀረውም።

የተወሰደው እርምጃ፦ ቦስተን

የመጀመሪያዋ ማስተካከያ እንግሊዝ ውስጥ ነው የተደረገችው። «ሌ ትሪዮምፋን» ላይ ከኋላ መድፎቹ አንዱ ተነሳ። በቦታው አውሮፕላን ሊመታ የሚችል የእንግሊዝ የ102 ሚሊ ሜትር መድፍ ገባ። ትንሽ ለውጥ ናት፤ ግን አቅጣጫውን ታሳያለች። ከ20 ኪሎ ሜትር መድፍ ይልቅ ወደ ሰማይ የሚያይ መድፍ ተፈለገ ማለት ነው።

ትልቁ ሥራ የመጣው በ1943 ነው። የሰሜንና የምዕራብ አፍሪካ የፈረንሳይ ኃይሎች ከአጋሮቹ (ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ወገን) ጋር ሲቀላቀሉ «ሌ ፋንታስክ» እና «ሌ ቴሪብል» ወደ ቦስተን ሄዱ። «ሌ ማላን» ተከተለ። «ሌ ትሪዮምፋን» በ1944 ተራው ደረሰው።

የተሠራው ይህ ነው። አሮጌዎቹ 37 እና 13.2 ሚሊ ሜትር መሣሪያዎች በሙሉ ተነሱ። በቦታቸው ባለ ብዙ አፈሙዝ የ40 ሚሊ ሜትር ቦፎርስና ነጠላ የ20 ሚሊ ሜትር ኦርሊኮን ፀረ አውሮፕላን መድፎች ገቡ። ልዩነቱን ለማየት፣ አንድ የቦፎርስ አፈሙዝ ብቻውን በደቂቃ ከ100 በላይ ይተኩሳል። ራዳር ተተከለ። ሶናር ተገጠመ። አምስቱ ዋና መድፎች እንዳሉ ቀሩ።

ይህ ሁሉ ክብደት ከየት ይመጣል? ከኋላ የነበረው ባለ ሦስት ቱቦ የቶርፒዶ ማስወንጨፊያ ተነሳ። ዘጠኝ ቱቦ ስድስት ሆነ። መርከቦቹም ከበዱ፤ ያንን የ1935 ፍጥነት ከዚያ በኋላ አላዩትም። ማንም የቆጨው አይመስለኝም። መዝገብ ላይም ስማቸው ተቀየረ፤ «ቀላል ክሩዘር» ተባሉ።

ምን ሠራ

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ሴፕቴምበር 1943 ላይ «ሌ ፋንታስክ» እና «ሌ ቴሪብል» ከአልጄርስ ተነስተው ወደ 500 የሚጠጉ ወታደሮችን በሌሊት ኮርሲካ፣ አያቾ ወደብ አደረሱ። የጠላት አየር ኃይል በቅርብ እያለ ወታደር ጭኖ ቶሎ ገብቶ ቶሎ መውጣት እንዲህ ላለ መርከብ የተሰፋ ሥራ ነው።

ዋናው ግን አድሪያቲክ ነው። በ1944 መጀመሪያ ሦስቱ መርከቦች በደቡብ ኢጣሊያ ወደቦች ሆነው በተቃራኒው ዳርቻ የጀርመንን የስንቅ መስመር ማደን ጀመሩ። ጀርመኖች በቀን አይንቀሳቀሱም፤ የአጋሮቹ አውሮፕላን አለ። ስለዚህ በሌሊት፣ ደሴቶቹን እየታከኩ ይጓዛሉ። እነሱን ለመያዝ ከመሸ መውጣት፣ ማዶ መድረስ፣ መፈለግ፣ መዋጋት፣ ሳይነጋ መመለስ ያስፈልጋል። እስቲ አስሉት። አሥር ሰዓት ጨለማ ቢኖር፣ በ30 ኖት የሚጓዝ መርከብ 300 የባሕር ማይል ይሸፍናል። ይህ 555 ኪሎ ሜትር ነው። በ20 ኖት የሚሄድ ግን 200 ማይል ብቻ። ያቺ የመቶ ማይል ልዩነት ናት የአድሪያቲክን ሰሜናዊ ክፍል የከፈተችላቸው።

ፍጥነት በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ሥራው ግን በ1930 የታሰበው አይደለም። ከጠላት ጥይት ማምለጫ ወይም ክሩዘር ማባረሪያ አልሆነም። ጨለማውን መጠቀሚያ ነው የሆነው። በጨለማ ደግሞ ያለ ራዳር ማን ምን ያያል?

በፌብሩዋሪ 29 ቀን 1944 ሌሊት «ሌ ማላን» እና «ሌ ቴሪብል» በዛሬዋ ክሮኤሺያ ኢስት ደሴት አጠገብ የጀርመን መርከቦች አጀብ አገኙ። መሃል ላይ «ካፒቴን ዲዴሪክሰን» የተባለች ከ6,000 ቶን በላይ የሆነች የጭነት መርከብ ነበረች። ዙሪያዋን ትናንሽ የጦር መርከቦች ይጠብቋታል። ሁለቱ ፈረንሳዮች በመድፍም በቶርፒዶም መቱ። አንዷ አጃቢ ኮርቬት ሰጠመች። የጭነት መርከቧም ኋላ ሰጠመች። ሁለቱ ሳይነኩ ተመለሱ። በማርች «ሌ ፋንታስክ» እና «ሌ ቴሪብል» የጀርመን ማመላለሻ ጀልባዎችን አገኙ። በጁን ደግሞ «ጁሊያና» የተባለች ነዳጅ ጫኝ ተራዋ ሆነ።

ከ1930ው ንድፍ የተረፉት ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ዋጋ አወጡ፦ ከባዱ መድፍና ቶርፒዶው። ትንንሾቹ የጀርመን አጃቢዎች 40 ኪሎ ለሚመዝን ጥይት የሚመልሱት ነገር አልነበራቸውም። ስለዚህ ንድፉ መጥፎ ነበር ማለት አልችልም። ግማሹ ቀርቶ ነበር እንጂ።

ምን አልሠራም

የነዳጁ ችግር አልተፈታም። ሰፊ ውቅያኖስ ላይ መርከብ አጅቦ መጓዝ ለእነሱ የሚመች ሥራ አልሆነም። ሶናር ቢገጠምላቸውም አዟዟራቸው ያው ነው። ቀጭን አካል ተቆርጦ አይሰፋም።

በገና ዕለት 1944 ደግሞ «ሌ ቴሪብል» እና «ሌ ማላን» ናፖሊ አቅራቢያ እርስ በርስ ተጋጩ። ሁለቱም ክፉኛ ተጎዱ፤ ብዙ ባሕርተኞች ሞቱ። «ሌ ማላን» የፊት አካሉን አጣ። ሁለት ረጃጅምና ፈጣን መርከቦች ተጠጋግተው ሲሮጡ ለስህተት የሚተርፍ ሰከንድ የለም። ፍጥነት ከሚያስከፍለው ዋጋ ይህ አንዱ ነው። በሙከራ ጉዞ ሰንጠረዥ ላይ አይጻፍም።

የፈረንሳይ ንድፍ ክፍልም ከዚህ ምድብ ቶሎ አልተማረም። ቀጣዩ ምድብ፣ «ሞጋዶር» እና «ቮልታ»፣ ሥራው የተጀመረው በ1934 መጨረሻ ነው። ገና «ሌ ፋንታስክ» በወጉ ሳይሞከር። መድፉ ከአምስት ወደ ስምንት፣ የቶርፒዶ ቱቦው ከዘጠኝ ወደ አሥር፣ ጉልበቱ ከ74,000 ወደ 92,000 ከፍ አለ። የአየር መከላከያው ግን ያው ስስ ነበር። ስምንቱን መድፍ ሁለት ሁለት አድርጎ የያዘው አዲስ ማቀፊያ ደግሞ ጥይት አጎራረሱ ስለተወሳሰበ ከታቀደው እጅግ ቀርፋፋ ሆነ። መድፍ ተጨመረ፤ ጭማሪውን ግን የአተኳኮሱ ፍጥነት መልሶ በላው።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ ትምህርት

አንድ ቁጥር ሲሰጣችሁ «በምን ሁኔታ?» ብላችሁ ጠይቁ። 45 ኖት እውነት ነው። ግን አዲስ መርከብ፣ የተመረጠ ባለሙያ፣ ቀለል ያለ ጭነት፣ ጥሩ ባሕር። ጨረታ ላይ የሚቀርብ የማሽን፣ የጄኔሬተር፣ የሶፍትዌር ቁጥርም እንደዚሁ ነው። ውሉ ውስጥ መግባት ያለበት ከሦስት ዓመት አገልግሎት በኋላ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ የሚገኘው ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቦታ መተው ነው። ቦስተን ላይ የተሠራው ሥራ የተቻለው መርከቦቹ ትልልቅ ስለነበሩ ነው። አንድ የቶርፒዶ ማስወንጨፊያ ሲነሳ ለሌላው ሁሉ ቦታና ክብደት ተገኘ። 1,400 ቶን የሚመዝን ዲስትሮየር ያን ያህል አይሸከምም። በ1930 ማንም ስለ ራዳር አላሰበም፤ ሊያስብም አይችልም። ግን መጪው ነገር ምን እንደሆነ ባታውቁም የሚያርፍበት ቦታ መተው ትችላላችሁ። የሚቀነሰውም ቀድሞ ቢታወቅ ጥሩ ነው። ብዙ ፕሮጀክት የሚጣበቀው መጨመር አቅቶት ሳይሆን መቀነስ ስለማይደፍር ነው።

ሦስተኛው ተፎካካሪን እያዩ መንደፍን ይመለከታል። ፈረንሳይ ጣሊያንን እያየች፣ ጣሊያን ፈረንሳይን እያየች መርከብ ሠሩ። የ«ሌ ፋንታስክ» መርከቦች ከታቀደላቸው የጣሊያን ክሩዘር ጋር ያንን ትልቅ የቀን ውጊያ አልገጠሙም። በዚያኛው ወገን የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። 42 ኖት የሮጠው «አልቤሪኮ ዳ ባርቢያኖ» እና እህቱ «አልቤርቶ ዲ ጁሳኖ» በዲሴምበር 1941 ለትሪፖሊ ቤንዚን ጭነው ሲሄዱ ቱኒዚያ ኬፕ ቦን አጠገብ በሌሊት ተያዙ። የያዟቸው ሦስት የእንግሊዝና አንድ የሆላንድ ዲስትሮየሮች ናቸው። ለፍጥነት ክብረ ወሰን ማንም የማያነሳቸው ተራ ዲስትሮየሮች። ራዳር ነበራቸው፣ ቶርፒዶ ነበራቸው፣ ጨለማውንም ተጠቀሙበት። ሁለቱም ክሩዘሮች በደቂቃዎች ውስጥ አለቁ።

አራተኛው ስለ መለዋወጫ ነው፤ ሰው ብዙ አያነሳውም እንጂ ለእኔ ከሁሉ ተግባራዊው ይሄ ነው። ስድስቱ መርከቦች በተለያዩ ወደቦች፣ በተለያዩ ድርጅቶች ነው የተሠሩት። ንድፉ ግን አንድ ነበር። «ሌ ማላን» በገናው ግጭት የፊት አካሉን ሲያጣ አዲስ የሚሠራበት ጊዜም ብረትም አልነበረም። ቱሎን ላይ ግን በ1942 የሰጠመው «ላንዶምታብል» ነበረ። የእሱ የፊት አካል ተቆርጦ «ሌ ማላን» ላይ ተበየደ። ገጠመ፤ መርከቡም ተመልሶ ባሕር ገባ።